ዘይት የማይበላ ሞተር

መልእክቱ የደረሰው ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ሰውየው ከሥራ ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነው። በሚኒያፖሊስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን ኢተያ ላይ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በአርሲ የስንዴ አገር በዚያ ሰሞን ማለዳ ማለት የእርሻ ሰዓት ማለት ነው። የእህቱ ልጅ ፎቶ ልኮለታል፤ የትራክተር ዳሽቦርድ፣ አቧራ የለበሰ መስታወት፣ ቀዩ ላይ የተኛች ቀጭን ቀስት። ከሥሩ ሦስት ቃል ብቻ ተጽፏል፦ «ጋሼ፣ ግፊቱ ወደቀ።»

ሁለተኛው መልእክት ሳይመጣ ሰውየው ሦስተኛውን ገምቶታል። ሁለተኛው የመካኒኩ ፍርድ ነበር፤ ሞተሩ መውረድ አለበት፣ ብሮንዚናዎቹ በሙሉ ይቀየራሉ፣ ክራንክሻፍቱም አዳማ ሄዶ ይሞረዳል። ሦስተኛው ሂሳቡ ነበር። ሰውየው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሠርቶ በሁለት ወር ከሚያገኘው ይበልጣል።

«ደግሞ ምን ሆነ?» አለች ባለቤቱ ከወጥ ቤት ሆና። የከበደችው «ደግሞ» የምትለዋ ቃል ነበረች። አምና የኋላ ጎማ ነበር። ካቻምና ፍሪሲዮን። ከዚያ በፊት ባትሪ። ትራክተሩም ራሱ ከባለቤት ወደ ባለቤት የዞረ አሮጌ ሲሆን፣ የዋጋው ግማሽ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሚኒያፖሊስ በጥቂት በጥቂቱ የተላከ ነው። ሰውየው መልስ አልሰጣትም። ስልኩን አንሥቶ ለእህቱ ልጅ አንድ መስመር ጻፈ፦ «ለመሆኑ መካኒኩ ከዚህ ውስጥ ስንት ይሰጥሃል?»

መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳየው። መልስ ግን አልመጣም።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። ሰውየው ያን ሌሊት እንቅልፍ ያጣው ግን በጸጸት አይደለም፤ በቀስቷ ነው። ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ቀዩ ላይ ተኝታ ትታየዋለች። አገሩ ላይ ሳለ መካኒክ ነበር። በደርግ ዘመን በአንድ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ከተላላኪነት ተነሥቶ ሞተር እስከ ማውረድ ደርሷል። በዚያ ጋራዥ በሶቪየት እገዛ ናዝሬት ላይ ይገጣጠሙ የነበሩት ትራክተሮችም፣ ከዚያ በፊት ከእንግሊዝ የገቡት ቀያዮቹም በእጁ አልፈዋል። ካገር ከወጣ በኋላ ግን እጁ ለስልሷል፤ ጥፍሩ ሥር የነበረው ጥቁር መስመር ከጠፋ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ዕውቀቱ አለ፤ የሚነካው ነገር የለም።

በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ትራክተር እንዲሁ ማሽን ብቻ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ አሰላ ላይ ሲቋቋም የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። የተሻለ ዘርና ማዳበሪያ ምርቱን ከፍ ሲያደርገው ግን ባለመሬቶቹ ሌላ ነገር አዩ፤ ከጭሰኛ ጋር ከመካፈል መሬቱን ራሳቸው በትራክተር ማረስ አዋጪ ሆነ። በጭላሎ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተነቀሉ። የሰውየው አባት አንዱ ነበሩ። ልጃቸው ያኔ አሥር ዓመት ያልሞላው ሲሆን፣ ትራክተሩ በዓመታት የበሬ ቅርስ ላይ ተሻግሮ ሲሄድ ጠርዝ ላይ ቆሞ አይቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ መሬት ሲታደል አባትየው ድርሻቸውን አገኙ። ልጃቸው መካኒክ ለመሆን ሲነሣ ግን «ያን ነገር ልታክመው ነው?» ብለው ለሳምንት አኩርፈውት ነበር። አሁን በዚያው መሬት ላይ የልጅ ልጃቸው የራሱ ትራክተር አለው። የጎረቤቱን ማሳ በሄክታር ሂሳብ እያረሰ ይኖራል፤ የሰኔ ዘር ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ሰውየው ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ የቆየው በጋራዡ የመጀመሪያ የተማረውን ትምህርት ነው። ፖምፓ ግፊት አይሠራም። ፖምፓ የሚሠራው ፍሰት ነው። ግፊት የሚመጣው ፍሰቱ በጠባብ ቦታ ለማለፍ ሲታገል ነው። ዘይቱ ከኮፓ ተስቦ በፊልትሮ አልፎ ክራንክሻፍቱና ብሮንዚናው መሀል ወዳለው፣ በዓይን ወደማይታይ ክፍተት ይገባል። እዚያ ሁለቱን ብረቶች እንዳይነካኩ የሚለያቸው አንድ ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ወይም ዘይቱ ሲቀጥን ፍሰቱ ያለ ትግል ያልፋል፤ ቀስቷም ትወርዳለች። ስለዚህ የወደቀ ግፊት የበሽታ ስም አይደለም፤ ትኩሳት ነው። ትኩሳት አይቶ ወዲያው ሆድ የሚቀድ ሐኪም የለም።

ምክንያቶቹም ተራ አላቸው፤ ከርካሹ ወደ ውዱ ይቆጠራሉ። መጀመሪያ ጌጁ ራሱ ሊዋሽ ይችላል። ቀጥሎ የዘይቱ መጠን አለ፣ የዘይቱ ዓይነትና ጤንነት አለ። የታፈነ ፊልትሮ አለ። በቆሻሻ ተይዞ ክፍት የቀረ የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ አለ። ኮፓው ውስጥ በጭቃ የተደፈነ ወንፊት፣ ወይም ዘይት በሚስበው ቱቦ ላይ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ያረጀ ፖምፓ አለ። መጨረሻ ላይ የተበሉ ብሮንዚናዎች አሉ። የኢተያው መካኒክ ከመጨረሻው ነው የጀመረው። ሰውየው ይህን ሲያስብ ጥርጣሬው መልሶ ያገረሽበታል።

በማግስቱ ማታ ደወለ። የእህቱ ልጅ ስልኩን አነሣ፤ ድምፁ የተለመደው ድምፅ አልነበረም።

«አቤት ጋሼ።»

«ሞተሩን አስነሥተኸዋል?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቆሟል።»

«ደግ አድርገሃል። እኔ ሳልልህ እንዳታስነሣው። አንድ ነገር ንገረኝ፤ ቀስቷ ጠዋት ቀዝቃዛ እያለ ነው የምትወርደው፣ ወይስ ሲሞቅ?»

«ጠዋት ደህና ነች። ሁለት ትልም ካረስኩ በኋላ ነው የምትወርደው።»

ይህ ብዙ ነገር ይናገራል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። የሚኒያፖሊስ ሰው ይህን በጥር ወር ያውቀዋል፤ ሌሊቱን ውጭ ያደረ መኪና ዘይቱ እንደ ማር ረግቶ አልነሣም ይላል። ቀዝቅዞ ደህና የነበረ ግፊት ሲሞቅ ከወደቀ፣ ወይ ዘይቱ ከሚገባው በላይ ቀጥኗል፣ ወይ ክፍተቱ ሰፍቷል፣ ወይ ሁለቱም። ወንፊቱ ቢደፈን ኖሮ ጋዝ በተሰጠ ቁጥር ቀስቷ ትወርድ ነበር። እዚህ ግን ጋዝ ሲሰጥ ትንሽ ቀና ትላለች አለ ልጁ። እንግዲህ ወንፊቱ ከተጠርጣሪዎቹ መጨረሻ ተሰለፈ።

ቀጥሎ ጌጁን መፈተን ነበር። ዳሽቦርዱን ማመን አይቻልም፤ አንድ የተበላሸ ሽቦ ስንቱን ሞተር ያለ ኃጢአቱ አስወርዷል። ልጁ ከከተማ ጋራዥ በቱቦ የሚገጠም የእጅ ጌጅ ተውሶ መጣ። የዳሽቦርዱ ሴንሰር የነበረበትን ቀዳዳ ፈትቶ ገጠመው፤ ሞተሩን ለአጭር ጊዜ ብቻ፣ ያለ ጭነት አስነሣው። ሰውየው በሚያውቃቸው የዚያ ዘመን የፐርኪንስ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች መመሪያ ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ በሙሉ ዙር ሲሠራ ግፊቱ ከ30 እስከ 60 ፒኤስአይ መሆን አለበት። ይህን ቁጥር እንደ ልጆቹ የልደት ቀን በቃሉ ይዞታል። የልጁ ጌጅ በቀዝቃዛው 45 አነበበ። ሲሞቅ በሙሉ ዙር 18፣ ያለ ጋዝ ደግሞ 5 ላይ ተንጠለጠለ። ዳሽቦርዱ አልዋሸም።

ሰውየው ስልኩን ወደ ሞተሩ እንዲያስጠጋ አዘዘው። ድሮ ካቻቢቴ በብረቱ ላይ፣ እጀታውን በጆሮው ላይ አድርጎ ብሮንዚና የሚያንኳኳውን ከፒስቶን ይለይ ነበር። ከስልኩ የመጣው ግን የሞተር ድምፅ አልነበረም፤ ውሃ ውስጥ የተነከረ የሚመስል ዝምታና በመሀል የልጁ ትንፋሽ ብቻ። ቆይቶ ገባው። የስልክ ጥሪዎች የሰው ድምፅ እንዲጠራ ብለው የማያቋርጠውን ጩኸት ያጠፋሉ። ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊሰማው የፈለገውን ነገር፣ ስልኩ እንደ ሁካታ ቆጥሮ ጥሎታል።

«እሺ፣ አጥፋው። ትንሽ ይቆይና የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተህ ጥረገው፣ እንደገና ክተትና አሳየኝ።»

ልጁ ዘንጉን ወደ ካሜራው አቀረበው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት ያህል አልፏል።

«ማነው ይህን ያህል የሞላው?»

«ማንም አልሞላውም ጋሼ። ይሄ ሞተር እኮ ዘይት አይበላም። ከፋሲካ ጀምሮ አንድ ሊትር አልጨመርኩበትም፤ እንዲያውም ሳየው ጨምሮ ነው የማገኘው። ጎረቤቶቼ ይቀኑበታል።»

ሰውየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ዘይት የማይበላ አሮጌ ሞተር የለም። የሚጨምር ደግሞ ጨርሶ የለም። ኮፓ ውስጥ ያለ ነገር ከጨመረ፣ ከሌላ ቦታ የገባ ነገር አለ ማለት ነው፤ ወይ ውሃ፣ ወይ ናፍታ።

«ጣትህን ንከርና አሽትተው።»

ልጁ አሸተተ። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ናፍታ ናፍታ ይላል» አለ።

«ምን ዓይነት መልክ አለው? እንደ ወተት ነጣ ይላል?»

«አይ፣ ጥቁር ነው። ግን ውሃ ሆኗል፤ ጣቴ ላይ አይቆይም።»

ውሃ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ነጣ ብሎ ይረጋ ነበር፤ ያኔ ጥርጣሬው ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን ይሄድ ነበር። ይህ ናፍታ ነው። ከደብተር ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ እንዲያንጠባጥብ አደረገው። ከአንድ ሰዓት በኋላ በመጣው ፎቶ ላይ መሀሉ ጥቁር ሆኖ ዙሪያውን ሰፊና ፈዘዝ ያለ ቀለበት ይዟል፤ ናፍታው ዘይቱን ጥሎ ወረቀቱን እየጠጣ ሸሽቷል። ሰውየው ይህን ሲያይ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ ተጠርጣሪው ተያዘ። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር አስደነገጠው። በቀጠነና ከልክ በላይ በሞላ ዘይት የሚሠራ የናፍታ ሞተር የራሱን ዘይት መማግ ይጀምርና ቁልፉ ቢጠፋም የማይቆምበት ጊዜ አለ። ልጁ እላዩ ላይ ተቀምጦ ለሳምንታት አርሷል።

ናፍታ ወደ ኮፓ ከሚገባባቸው መንገዶች ሁለቱ ዋና ናቸው። አንዱ በትልቁ የናፍታ ፖምፓ ዘንግ ላይ ያለው ጎሚኒ ነው። ሌላው ከሞተሩ ጎን ተለጥፋ ከታንከሩ ናፍታ የምትስበው ትንሿ ፖምፓ ናት። በውስጧ ክብ ጎማ፣ ዲያፍራም የሚሉት፣ ከላይ ከታች እያለ ናፍታውን ይገፋል። የጎማው ማዶ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሆድ ክፍት ነው። ጎማው ከዕድሜ ብዛት ሲሰነጠቅ በውጭ የሚታይ ጠብታ አይኖርም፤ ናፍታው በዝምታ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ቱቦዎቿን ሳይነቅሉ ቡሎኖቿን ብቻ ፈትቶ ከሞተሩ ማላቀቅ፣ ከዚያም ክንዷን በእጅ መግፋት። ልጁ ገፋ። በሦስተኛው ግፊት ከክንዷ ሥር፣ ደረቅ መሆን ከነበረበት ቦታ፣ ናፍታ በእጁ አንጓ ላይ ወረደ።

«አየኸው ጋሼ?»

«አየሁት» አለ ሰውየው። ከዚያም መጠየቅ የነበረበትን ጠየቀ። «ቀስቷ መውረድ የጀመረችው መቼ ነው? እውነቱን።»

ልጁ ወዲያው አልመለሰም። ከኋላው አህያ ሲያናፋ ይሰማል።

«ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ትወርድ ነበር። አምና ጎማውን ገዝተህልኝ፣ ዘንድሮ ደግሞ ... አፈርኩ። ሰኔን ካለፍኩ በራሴ አሠራዋለሁ ብዬ ነው። መካኒኩ ነው እምቢ ያለኝ፤ ‹ይህን አስነሥተህ ብታርስ አልነካልህም› አለኝ።»

ሰውየው የጻፋት መስመር አሁንም እዚያው ስልክ ውስጥ ከፎቶው ሥር ተቀምጣለች፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ልጁ ገንዘብ ሊያታልል የተነሣ መስሎት ነበር። ልጁ ግን ለሁለት ወር ያህል ሲያታልል የነበረው ራሱን ነው፤ ያውም ገንዘብ ላለመጠየቅ። ለአንዲት ዲያፍራም የሚበቃ ገንዘብ ባለመጠየቁ፣ የሙሉ ሞተር ሂሳብ ሊመጣ ቀርቧል።

«መካኒኩን አገናኘኝ» አለ።

መካኒኩ በማግስቱ መስመር ላይ መጣ። ሃምሳ ያለፈው ድምፅ ነበር፤ ቁጥብ። ሰውየው ሰላምታውን ሳያሳጥር ስለ ናፍታው ነገረው። መካኒኩ ዝም ብሎ አዳመጠና፣ «ይህን አላየሁም» አለ። «ዘንጉን አይቻለሁ፤ ግን ልጁ ሞልቶ ያስነሣው መስሎኝ አላሸተትኩትም። ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፤ በካቻቢቴ ሰምቼዋለሁ። ብሮንዚናው ያንኳኳል።»

«እኔ በስልክ ምንም አልሰማሁም።»

«በስልክ አይሰማም» አለ መካኒኩ በእርጋታ። «እኔ ግን ቆሜበታለሁ።»

ሰውየው ፊት ለፊት ያልተናገረው ስድብ ነበረበትና ይቅርታ የሚጠይቅበት ቃል አላገኘም። «እጅዎ ይባረክ» ብቻ አለ። «ልጁ እንዳያርስበት ስለከለከሉልኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለው የሁለት ቀን ሥራ ነበር። ከአዳማ አዲስ የናፍታ ፖምፓ መጣች። አሮጌው ዘይት ተደፋ፤ በ15ደብሊው-40 ተተካ። ፊልትሮው ከመጣሉ በፊት ሰውየው እንዲቆረጥ ጠየቀ። መካኒኩ ቆርቶ፣ የወረቀቱን እጥፋት ዘርግቶ ፀሐይ ላይ ፎቶ አነሣው። በጥቁሩ መሀል ጥቂት የሚያብለጨልጩ ቅርፊቶች ነበሩ፤ የብሮንዚና ብናኝ። ብዙ አይደሉም፤ ግን አሉ። የካቻቢቴው ጆሮ እውነቱን ነበር።

አዲሱ ዘይት ገብቶ ሞተሩ ሲሞቅ የእጅ ጌጁ በሙሉ ዙር 34 አነበበ፤ ያለ ጋዝ 12። ከ30 በላይ ነው፤ ያሠራል። ግን ጤነኛ ሞተር የሚያሳየው ቁጥር አይደለም። የሳምንታት ቀጭን ዘይት ከብሮንዚናዎቹ የራሱን ድርሻ በልቷል። ሁለቱ መካኒኮች በስልክ የተስማሙት እንዲህ ነው፤ የሰኔ ሥራ በቀስታ፣ ያለ ከባድ ጭነት ይሠራል፤ ግፊቱ በየቀኑ ይነበባል፤ 30 ከነካ ይቆማል። አዝመራው ከገባ በኋላ ኮፓው ወርዶ ብሮንዚናዎቹ ይታያሉ። ክራንክሻፍቱ ካልተጫረ መሞረድ ላያስፈልገው ይችላል። ሰውየው አንድ ነገር ደጋግሞ ያስባል፤ እሱ የመጀመሪያ ቀን ተናዶ ገንዘቡን ልኮ ቢገላገል ኖሮ፣ አዲሶቹ ብሮንዚናዎች ከአሮጌዋ ፖምፓ ጋር ይገጠሙ ነበር። በሚቀጥለው ፋሲካ ናፍታው እነሱንም ይበላቸው ነበር። ተናዶ ዝም ቢል ኖሮ ደግሞ ልጁ ማረሱን ሊቀጥል ይችል ነበር።

ባለቤቱ ስንት እንደተላከ ስትጠይቀው ነገራት፤ የፖምፓዋ፣ የዘይቱና የፊልትሮው ዋጋ፣ በላዩም የመካኒኩ የእጅ ዋጋ። «ይህ ብቻ?» አለች። «ለጊዜው» አላት። ስለ ጻፋት መስመር ግን አልነገራትም። ለልጁም ቢሆን በቃል ይቅርታ አላለውም፤ በቤተሰቡ ውስጥ ትልቅ ለትንሽ እንዲህ አይልም። ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የዘንጉን ፎቶ ትልክልኛለህ። ወርዶም ቢሆን፣ ጨምሮም ቢሆን። እኔ ስጠይቅህ ሳይሆን አንተ እንድትልክ» አለው።

ፎቶዎቹ በየሳምንቱ ይመጣሉ። ሰኔ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ሰውየው ከሥራ ሲገባ አንድ አገኘ። ዘንጉ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል፤ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በአንድ ጣት ውፍረት ዝቅ ብሏል። ከሥሩ ልጁ ጽፏል፦ «ጋሼ፣ ዘይት መብላት ጀመረ። ግማሽ ሊትር ልጨምርበት?»

ሰውየው ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ ሳቀ። «ጨምርበት» ብሎ ጻፈ። «አሁን ደህና ነው።»